ኢስታንቡል ውስጥ የማታውቁትን ምግብ ለመቅመስ በምን ትጀምራላችሁ?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 31 ደርሷል። አሁን ገብቶ ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ጊዜ የማይኖረው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በየመልሱ ቁጥር በተራ ላስቀምጠው። የጠቀመኝንም ያልተስማማሁበትንም እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው። ለሥራ ስድስት ቀን ኢስታንቡል ነበርኩ። ከሰዓት በኋላና ማታው የራሴ ነበር። ያረፍኩት ሱልጣናህመት ነው፤ ሀጊያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ ያሉበት ሰፈር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የበላሁት በር ላይ ሰው ቆሞ በሚጠራበት፣ ሜኑው ፎቶ በፎቶ በሆነበት ቤት ነው። ሁለቱንም ቀን ኬባብ። መጥፎ አልነበረም፣ ግን ያን ያህል አገር አቋርጬ ሄጄ የማውቀውን ጥብስ ሥጋ ብቻ በልቼ መመለስ ከነከነኝ። ሦስተኛው ቀን ማታ ዓሣ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ ዓሣውን በትሪ አምጥቶ አሳየኝ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ያላዘዝኳቸው ትንንሽ ሳህኖችም ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ሂሳቡ ሲመጣ ዓሣው በኪሎ ነበር የሚሸጠው፣ ሳህኖቹም እያንዳንዳቸው ተቆጥረዋል። ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ዳቦና አይብ ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ በላሁ፤ ምግብ ቤት መግባቱ ራሱ አስጠላኝ።

አምስተኛው ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። ከካፓሊ ቻርሺ፣ ከትልቁ የተሸፈነ ገበያ ጀርባ፣ ዕቃ የሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ወደ አንዲት ጠባብ ቤት ሲገቡ አየሁና ተከተልኳቸው። ሜኑ የለም። ፊት ለፊት በእንፋሎት የሚሞቁ ትሪዎች ተደርድረዋል። በጣቴ አንዱን አሳየሁ። መሀሉ ተሰንጥቆ ሽንኩርትና ቲማቲም የሞላበት ደበርጃን ነበር። ቀዝቃዛ ነው የመጣልኝ፣ ማሞቅ የረሱ መስሎኝ ነበር። ግን እንደዚያ ለስላሳና ጣፋጭ ነገር በስድስት ቀን ውስጥ አልበላሁም። ስሙን ያወቅኩት ሂሳብ ስከፍል ነው፤ ኢማም ባይልዲ፣ ማለትም ኢማሙ ራሱን ሳተ።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ቦታ በምን ትመርጣላችሁ? ምን እንደሆነ የማታውቁት ምግብ ፊታችሁ ሲቀርብስ በምን ትጀምራላችሁ? መጨረሻ ላይ አንድ ጸጸቴን ጨመርኩ። ታክሲም አካባቢ ኮኮሬች የሚጠብስ ሰው ፊት ሁለት ማታ ቆሜ፣ ሁለቱንም ማታ ሳልቀምስ ተመልሻለሁ።

ቁጥር 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው። የገባሁበት ቤት ዓይነት ስም እንዳለው ነገረኝ፤ ኤስናፍ ሎካንታሲ ይባላል፣ የባለሙያና የነጋዴ ምግብ ቤት እንደማለት ነው። ጠዋት በትልልቅ ድስት ይበስላል፣ ምሳ ላይ ይሸጣል፣ ከሰዓት እየገፋ ሲሄድ ምርጡ ያልቃል። ስለዚህ ቀን ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት መግባት ነው፤ 9 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ሁለት ሦስት ነገር መቅመስ የፈለገ ያሪም ይበል፣ ግማሽ ማለት ነው፣ በየትሪው ግማሽ ግማሽ ይወጣለታል። ዳቦ ብዙ ጊዜ ከምግቡ ጋር ይመጣል። ደበርጃኑን ደግሞ ማንም ማሞቅ አልረሳም። በወይራ ዘይት የሚሠራ የአትክልት ምግብ ሁሉ ዜይቲንያሊ ይባላል፣ የሚበላውም ቀዝቀዝ ብሎ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ከስድስቱ ቀን የወደድኩትን ምግብ እንደ ስህተት ይዤ ነበር የተመለስኩት።

ቁጥር 2 የአንደኛውን ሐሳብ አጽንታ ወደ ከተማው የእስያ ክፍል እንድሻገር መከረችኝ። ከኤሚኖኑ ጀልባ ተይዞ ካዲኮይ ለመድረስ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከወደቡ በእግር ትንሽ ሲሄዱ የዓሣ፣ የወይራና የአይብ ሱቆች የሞሉበት ገበያ አለ። እዚያው ጉኔሽሊባህቼ ጎዳና ላይ ቺያ የሚባለው ቤት ይገኛል። በ1987 የተከፈተ ነው፤ ባለቤቱ ሙሳ ዳእዴቪሬን ከተለያዩ የአናቶሊያ፣ ማለትም የእስያው ቱርክ፣ ወረዳዎች ሊረሱ የደረሱ ምግቦችን እየሰበሰበ ያበስላል። በስኳር የተሠራ ወይራ፣ ቲማቲምና ደበርጃን ለጣፋጭነት ይቀርባል አለችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ፊቷን እንዳዞረች፣ አንድ ሲቀምሱ ግን ሳህኑ ባዶ እንደቀረ ጻፈች።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። ቁጥር 3 ቺያን ከቱሪስት ቤት ለይቶ እንደማያየው ገልጾ፣ ቴሌቪዥን ላይ ከወጣ በኋላ የውጭ ሰው መሰለፊያ ሆኗል አለ። የእሱ ሕግ አንድ ነው፤ ስሙን አስቀድመህ ያወቅከው ቤት የአገሬው ቤት አይደለም። ቁጥር 4 ወዲያው መለሰችለት። እዚያው ካዲኮይ ሁለት ዓመት ኖራለች፣ ጎረቤቶቿ እሑድ እሑድ ቤተሰባቸውን ይዘው ቺያ ይገባሉ፤ ታዋቂ መሆን ወንጀል አይደለም። ካራኮይ ያለው ባቅላቫ ቤት ጉሉኦሉ ከ1949 ጀምሮ ታዋቂ ነው፣ የከተማው ሰው ግን ዛሬም ለበዓል የሚገዛው ከዚያው ነው አለች። ምግብ ቤቶችን የሚመዝነው ሚሽሊን ኢስታንቡል የገባው በ2022 ነው፣ ከዚያ በፊትም ሰው ጥሩ ቤቱን ያውቅ ነበር ብላ ዘጋችው።

እኔ ከቁጥር 4 ጋር ነኝ። ስም የሌለው ቤት ፍለጋ ሲባል ጥሩውን ቤት ማለፍ ምን ይጠቅማል? ግን የቁጥር 3 ቁጣ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው አንድን ሰፈር ሲወድ ለሁሉም መታወቁ ያመዋል።

ቁጥር 5 ወደ ኮኮሬቹ መለሰን። ፈርቼ የተመለስኩት ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ እንጂ ስለሚያስፈራ አይደለም አለ። አንጀት ነው፤ ተደጋግሞ ታጥቦ በረጅም ብረት ዙሪያ ይጠመጠማል፣ በጎኑ ተጋድሞ ከሰል ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ከዚያ በቢላ ደቅቆ ኦሬጋኖና የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ ተነስንሶበት ዳቦ ውስጥ ይገባል። ለጀማሪ የሚመክረው ሩብ ዳቦ ነው፣ ቼይሬክ ይባላል። ባይወዱት የሚጎዱት ትንሽ ነው፣ ቢወዱት ሁለተኛ ያዛሉ።

ቁጥር 6 አረመው። ቁጥር 5 የበሬ አንጀት ብሎ ነበር፤ ጥሩው ኮኮሬች የግልገል በግ ነው፣ ሽታውም ልስላሴውም የሚለየው በዚያ ነው። ቀጥሎ ያላሰብኩት ክርክር ከፈተ። ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሮ ማድቀቅ የኢስታንቡል ልማድ ነው፣ ኢዝሚር ከተማ ላይ ጎላ ጎላ ተደርጎ ይቆረጣል እንጂ ቲማቲም አይነካውም፣ ትክክለኛው ያ ነው አለ። ቁጥር 7 ደግሞ የኢስታንቡሉን የሚበልጥ ነገር የለም ብላ ተነሳች። ሁለቱ አራት ጊዜ ያህል ተመላለሱ። የቆጠርኳቸው እንደ አንድ መልስ ነው፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው በኋላ አዲስ ነገር አልተባለም።

ከዚያ ቁጥር 8 ስለ ሚድዬ ዶልማ ጻፈ። ይህ ጥቁር ቅርፊት ያለው የባህር ምግብ ነው፤ ውስጡ ቅመም ባለው ሩዝ ይሞላል፣ ሻጩ ቅርፊቱን ከፍቶ ሎሚ ጨምቆበት በእጅ ይሰጣል። የላይኛው ቅርፊት ማንኪያ ሆኖ ያገለግላል። ቁጥር 8 ማታ ቤሺክታሽ ሰፈር ቆሞ አንድ ሲበላ ሻጩ ሁለተኛውን ሰጠው፣ ሁለተኛውን ሲበላ ሦስተኛውን። እንዴት እንደሚያስቆም ስላላወቀ 23 በላ። በቃኝ ማለት ያለበት በላተኛው ነው፤ ሻጩ እስከዚያ መክፈቱን አያቆምም። ሂሳቡ የሚቆጠረው በባዶው ቅርፊት ነው። በሕይወቱ ካሳለፋቸው ምሽቶች ሁሉ የማይረሳው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሻጩና እሱ አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ግማሽ ሰዓት ሲጫወቱ አምሽተዋል።

ቁጥር 9 ይህን አንብባ ዝም ማለት አልቻለችም። እሷ ነሐሴ ውስጥ፣ በጠራራ ሙቀት፣ አዟሪ ትሪ ላይ ይዞት ከቆመው ገዝታ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋለች። ምክንያቱንም አብራራች። ሚድዬ የባህሩን ውሃ እያጣራ የሚኖር እንስሳ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻም ጀርምም ያከማቻል፤ ተሞልቶ ከበሰለ በኋላም ሙቀት ላይ ከቆየ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ካለው ሱቅ፣ ብዙ ሰው ከሚገዛበት፣ ባይሆን በብርዱ ወራት ብሉ አለች። ቁጥር 10 በዚህ ተናደደ። ሰውን አታስፈራሪ፣ እኔ አሥር ዓመት በልቼ አንድ ቀን አላመመኝም የሚል ሐሳብ በኃይለ ቃል ጻፈ።

እዚህ ላይ ገለልተኛ አልሆንም። የታመመችው እሷ ናት፣ ያለችውም ምክንያት ትክክል ነው። ቁጥር 10 አለመታመሙ ደስ ይላል፣ ግን የእሱ ሆድ ለሌላው ሰው ዋስትና አይሆንም። ደግሞም እሷ አትብሉ አላለችም። የት እና መቼ እንደሚበላ ነው የነገረችን። እኔ የፈለግኩትም እንዲህ ያለውን መልስ ነበር።

ቁጥር 11 ሥጋና ቅቤ ለማይበላ ሰው ምን እንዳለ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ አላሰብኩበትም ነበር። መልሱን ቁጥር 12 ሰጣት። ከዜይቲንያሊዎቹ ጀምሪ፤ ኢማም ባይልዲ፣ በወይራ ዘይት የበሰለ ፎሶሊያ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል። ቀይ የምስር ሾርባ፣ ሜርጂሜክ የሚባለው፣ ብዙ ቦታ አለ ግን አንዳንዱ ቤት በሥጋ መረቅ ወይም በቅቤ ይሠራዋል፤ ኤት ሱዩ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፣ የሥጋ መረቅ ማለት ነው። ሩዙም እንደዚያው፣ ነጭ ሆኖ ስለታየ ብቻ ቅቤ የለበትም ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚያስገርመው ቺ ኮፍቴ ነው። ስሙ ጥሬ ኮፍታ ማለት ነው፣ ድሮ በጥሬ ሥጋ ነበር የሚሠራው። አሁን በየመንገዱ ሱቅ የሚሸጠው ግን ሥጋ የለበትም፤ ጥሬ ሥጋ ያለበትን በሱቅ መሸጥ በጤና ምክንያት ተከልክሏል። ከቡልጉር፣ ከቲማቲም ድልህና ከቅመም ተለውሶ በሰላጣ ቅጠል ይጠቀለላል፣ የሮማን ጭማቂ ይንጠባጠብበታል። ቁጥር 11 ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ ስትጽፍ፣ ሁለት ጊዜ ሄዳ በስሙ ፈርታ አልፋው እንደነበር ነገረችን።

ቁጥር 13 የለውዝ ዓይነት አለርጂ ያለበት ልጅ አባት ነው። የጻፈው አጭር ነው ግን ሁላችሁም አስቀምጡት። ፊስቲክ የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ፒስታሽዮም ኦቾሎኒም ሊሆን ይችላል። አንቴፕ ፊስቲ ሲሉ ፒስታሽዮ ነው፣ የር ፊስቲ ሲሉ ኦቾሎኒ። ጄቪዝ ዋልነት ነው። ዋልነት በጣፋጭ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቼርኬዝ ታቩኡ የሚባለው ቀዝቃዛ የዶሮ ምግብ መረቁ በዋናነት ዋልነት ነው፣ ሙሃማራ የሚባለው ቀይ ማባያም እንዲሁ። እሱ በቱርክኛ የተጻፈ ካርድ ኪሱ ይዞ ይዞራል፣ ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለወጥ ቤቱ እንዲያሳዩለት ይጠይቃል።

የውይይቱ ትልቁ ክርክር ከቁጥር 14 ተነሳ። እሷ ጣፋጭ ቤት ገብታ ነጭ፣ እንደ ወፍራም ገንፎ ያለ፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት የወተት ጣፋጭ አዘዘች። ሳብ ሳብ የሚል ነገር ነበረው፣ ወደደችው፣ ጨረሰችው። ጓደኛዋ ከዚያ ነው የነገራት፤ ታቩክ ጎሱ ነው፣ የዶሮ ፈረሰኛ በክር በክር ተለያይቶ ወተትና ስኳር ውስጥ የሚበስል። ደነገጠች። ግን በማግስቱ ተመልሳ ደገመችው። ከዚህ ተነስታ አንድ ሕግ አወጣች፤ ብሉ፣ ምን እንደሆነ በኋላ ጠይቁ። ዶሮ እንዳለበት አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ አትነካውም ነበር።

ቁጥር 15 በሙሉ ልቡ ተስማማ። ኮኮሬች ፊት ሁለት ማታ የቆምኩት እኔም ምን ይሆን ብዬ ባልጨነቅ ኖሮ በልቼው ነበር አለ። ቁጥር 16 ግን እንደ እሳት ሆነች። ለምግብ የሚጠነቀቅ ሰው ሁሉ ፈሪ አይደለም አለች። በሃይማኖቱ የማይበላ አለ፣ በሕመሙ የማይበላ አለ፣ የቁጥር 13 ልጅ በኋላ ጠይቅ ቢባል ሆስፒታል ነው የሚገኘው። ሌላውን ሰው ሳያውቅ ማብላት ደግሞ ጨዋታ አይደለም፣ ጓደኛሽ ዘግይቶ ሲነግርሽ አንቺ ምንም አላልሽውም፣ እኔ ብሆን ጓደኝነቱን አቆም ነበር ብላ ጻፈች። ቁጥር 14 ተከፋች። ስለ ራሴ ሆድ እንጂ ስለ ማንም አልጻፍኩም አለችና ለሁለት ቀን ጠፋች።

ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ለራሱ ብቻ እንዲህ ማድረግ የሚፈልግ ያድርግ። እኔ ግን ጠይቄ መብላት እፈልጋለሁ፤ ጥያቄው ራሱ ከምግቡ የሚቀድም ደስታ አለው። ያቺ ጠባብ ቤት ውስጥ በጣቴ እያሳየሁ ይሄስ ምንድነው ስል፣ ማንኪያ የያዘው ሰውዬ ቃል ሲያልቅበት እንደ በግ ጮኸልኝ፣ ቀጥሎም እንደ ዶሮ። ሦስቱም ትሪዎች ምን እንደሆኑ ገባኝ። እሱን ሳልጠይቅ በልቼ ብወጣ ይህ ሁሉ ይቀርብኝ ነበር።

ቁጥር 17 የዓሣውን ሂሳብ አንስቶ ወረደብኝ። ዋጋ ሳይጠይቅ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ተጭበረበርኩ ማለት አይችልም አለ። ቁጥር 18 ተከላከለችልኝ፤ ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ላይ ያላዘዘውን መደርደር ከጨዋነት ውጭ ነው አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዝርዝሩን ያስቀመጠው ቁጥር 19 ነው፣ ሰውዬው እዚያው የሚሠራ ይመስለኛል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ምግብ ቤቶች የዋጋ ዝርዝራቸውን በር ላይ እንዲያሳዩ ግዴታ አለባቸው፤ በሩ ላይ ዋጋ የሌለበትን ቤት እለፉ። ዓሣ ከመመዘኑ በፊት ኪሎሱ ኔ ካዳር በሉ፣ ኪሎው ስንት ነው ማለት ነው፣ ከዚያ ስንት ኪሎ እንደሆነ ራሳችሁ ሚዛኑን እዩ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ከሚያዝያ 15 እስከ ነሐሴ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ማጥመድ አይፈቀድላቸውም፣ ስለዚህ በእነዚህ ወራት የባህር ዓሣ ይወደዳል፣ ምርጫውም ያንሳል። ኤሚኖኑ ድልድዩ ሥር ዳቦ ውስጥ የሚሸጠው ዓሣም አብዛኛው ከኖርዌይ በረዶ ሆኖ የመጣ ማክሬል ነው። ጥሩ ነው፣ ብሉት፣ ግን ከፊታችሁ ካለው ባህር ወጣ ብላችሁ አትክፈሉ። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ካለ በሊራ በሉ፤ በሌላ ገንዘብ ሲመነዝር ይወደዳል።

ቁጥር 20 ላይ ውይይቱ መስመር ሳተ። አንዱ ሂሳብ በቱርክኛ ሄሳፕ መሆኑን ጻፈ፣ ሌላው ሻይ ቻይ ነው አለ፣ ሦስተኛው ሎሚ ሊሞን፣ ፍንጃል ፊንጃን። እስከ ቁጥር 23 ድረስ ይህ ነው። ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም እኔን ጠቅሞኛል፤ እጄን አንስቼ ሂሳብ ብል እንኳ እንደሚሰሙኝ አሁን አወቅኩ። በመሀል ድመቶችም ገቡ። ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጡት የሰፈሩ ድመቶች ዓሣ ቤት ለመምረጥ ምልክት ናቸው የሚል ነበር፣ እነሱ ግን በየቤቱ ስላሉ ምንም አይለዩም ተባለ። ሽንኩርት ሜኔሜን ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውም ተነሳ። ሜኔሜን በቲማቲምና በቃሪያ የሚሠራ እንቁላል ነው። ቱርኮች ራሳቸው በ2018 የምግብ ጸሐፊው ቬዳት ሚሎር ትዊተር ላይ ባወጣው ጥያቄ ከ400 ሺህ በላይ ሆነው ድምፅ ሰጥተው፣ ይግባ ያሉት በጥቂት ነው ያሸነፉት። እዚህም አልተፈታም።

ቁጥር 24 ሁላችንም ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነና ስለ ሌሊት ምግብ ጻፈ። ኢሽኬምቤ ቾርባ የጨጓራ ሾርባ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሚሆኑ ቤቶች አሉት። ሾርባው ሲመጣ ነጭና ለዘብ ያለ ነው፣ ጣዕም የለውም ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ እየቀመሱ። እሱ የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳይጨምር በልቶ አልወደደውም፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳይጠይቁት ሳህኑን ስበው አስተካከሉለት።

ቁጥር 25 ስለ ቦዛ ነው። ቬፋ ሰፈር ከ1876 ጀምሮ የሚሸጥበት ቤት አለ፤ የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች አታቱርክ በ1937 የጠጣበት ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ተቀምጧል። ቦዛ ከደቃቅ እህል የሚብላላ፣ ወፍራም፣ በማንኪያ የሚበላ የብርድ ወራት መጠጥ ነው። ላዩ ላይ ቀረፋና የተቆላ ሽምብራ ይደረግበታል። ቁጥር 25 ይህን ሁሉ በፍቅር ከጻፈ በኋላ ቁጥር 26 መጥታ በሁለት መስመር አልወደድኩትም፣ ግማሹን ትቼ ወጣሁ አለች። ብርጭቆውንና ታሪኩን ግን ወዳዋለች። ማንም አልተቆጣትም። ደስ ያለኝ አንዱ ነገር ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ የቀመሰ ሁሉ ወደድኩት ብቻ ሲል ነበር፣ እንደዚያ ሲሆን አዲስ ሰው ካልወደደ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል።

ቁጥር 27 ኢስታንቡል የምትኖር እህት ናት። ለእኔ የጻፈችው ከሁሉም ይበልጥ ገብቶኛል። ያላዘዝኩት ነገር ሁሉ ወጥመድ አይደለም። ኢክራም የሚባል ነገር አለ፣ ቤቱ ለእንግዳው የሚጋብዘው፤ ከምግብ በኋላ ሻይ፣ አንዳንዴ ፍራፍሬ ወይም ትንሽ ጣፋጭ። እሱ አይከፈልበትም፣ እምቢ ማለትም ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ላይ በትሪ የሚመጣው ቀዝቃዛ ሜዜ፣ ትንንሾቹ የመክፈቻ ሳህኖች፣ ግን ይከፈልበታል፤ የፈለጉትን ማንሳት፣ የቀረውን መመለስ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ካልለያችሁት ኢክራም ሚ ብላችሁ ጠይቁ አለች። ሻይ ሲበቃችሁ ማንኪያውን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙት፣ እንደ ሚድዬው ሁሉ ካላስቆማችሁ ይቀጥላል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ደበርጃን የበላሁባት ቤት፣ ምሳዬን ስጨርስ ያ ሰውዬ ሻይ አምጥቶልኝ ነበር። የዓሣ ቤቱ ነገር ገና ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ አላዘዝኩም ብዬ በእጄ ገፋሁት። ሳይናገር ይዞት ተመለሰ። ግብዣ መሆኑን ያወቅኩት ገና አሁን ነው። ይህንኑ እዚያው ጻፍኩ፣ ቁጥር 28 የእኔ ነው። ቁጥር 29 እሱ ረስቶታል፣ አንተም ተወው አለኝ። ቁጥር 30፣ እነሆ ቁጥር 14 ናት፣ ተመልሳ መጣች፤ ቁጥር 16ን ይቅርታ ጠይቃ፣ እኔን ደግሞ በሚቀጥለው ስትሄድ መጀመሪያ እዚያች ቤት ግባና ሻዩን ጠጣ አለችኝ። ቁጥር 16 የልብ ምልክት ሰጠቻት።

ቁጥር 31 ትናንት ማታ ነው የገባው። ውይይቱን ጀልባው ላይ ሆኖ ከላይ እስከ ታች አንብቦት ካዲኮይ ወርዷል። በቁጥር 5 ምክር ቼይሬክ ኮኮሬች አዘዘ፣ ሁለተኛም ደገመ፣ ቲማቲም ነበረበት። ጥያቄው ሌላ ነው። ከኮኮሬቹ ጋር ሻጩ ወይን ጠጅ የመሰለ ጥቁር ሐምራዊ መጠጥ ሰጠው፣ ጠጣው፣ ጨውና ኮምጣጣ ሆነበት፣ ጣፋጭ ሲጠብቅ አፉ ተኮማተረ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ፎቶውን ለጥፏል።

ሻልጋም ነው ወንድሜ። ከሐምራዊ ካሮት ተብላልቶ የሚወጣ ነው፣ የአዳና ከተማ ሰዎች መጠጥ፣ የሚያቃጥልም የማያቃጥልም አለው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንዳትፈርድበት። በሚቀጥለው ኮኮሬች ሞክረውና ንገረን፤ እኔም እስክመለስ ድረስ እዚህ አለሁ።